ግድግዳ ሥር የቆሙ ሐኪሞች

ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ ለሐኪም መቆሚያ መፈለግ። ብዙ ሰው የቀለድኩ ይመስለዋል። አልቀለድኩም። በሙያዬ ነርስ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ዋናው ሥራዬ ከጌዴኦ ወረዳዎች የሚመጡ ሐኪሞችን ተቀብዬ፣ እኛ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት ሳምንት እያቆምኩ፣ ስፔሻሊስቶች ሲሠሩ እንዲያዩ ማድረግ ሆኗል። ማየት ብቻ ነው ታዲያ። መንካት ክልክል ነው።

ሆስፒታላችን ዲላ ውስጥ፣ ከሞያሌ መንገድ ገባ ብሎ ያለ የሕፃናት ሕክምና ቤት ነው። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው ያቆመው። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራውም የሚመለስ ነገር የለም። ድንገተኛ ክፍሉ ከውጭ ሲያዩት ሰፊ ይመስላል። ሲገቡ ግን አልጋው፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ፣ እናቱ፣ አክስቱ፣ ተለማማጁ ተደራርቦ፣ የአስታማሚ ፌስታል ላለመርገጥ እግርዎን እያዩ ነው የሚራመዱት። እዚያ ውስጥ ነው እንግዲህ እኔ ተጨማሪ ሐኪም የማቆመው። ከመድኃኒት ቁም ሳጥኑና ከእጅ መታጠቢያው መሀል አንድ ባዶ ግድግዳ አለ። የታዛቢዎች ቦታ እሱ ነው።

ፕሮግራሙ ወረቀት ላይ «የቤተሰብ ሐኪሞች የምልከታ ቆይታ» ይባላል። ስሙን መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ መጣ። ከፍስሐ ገነት አለፍ ብሎ ባለ ትንሽ ሆስፒታል የተመደበ ጠቅላላ ሐኪም ቤተሰቡ አንድ ወረዳ ነው። ያዋልዳል፣ ስብራት ያስራል፣ ወባ ያክማል፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ ስለተፈነከተ ሰው ይመሰክራል። ሌላ ማን አለና! ሐሳቡን ግን ወድጄው ነበር፤ ልዋሽ አልችልም። ወረዳ ያለ ሐኪም መጥቶ የከፋ ሕፃን እንዴት እንደሚያዝ አይቶ ቢመለስ፣ ልጆቹ መንገድ ላይ ከማለቅ ይተርፋሉ ብዬ አምኜ ነው የገባሁበት።

ዕድሉ ሲመጣ ለማን ደረሰ? ለቢሮ ለቀረበ፣ ሲደውል ስልክ ለሚነሳለት። ታካሚ ማየት ከተወ የቆየ፣ ጠረጴዛና ተሽከርካሪ ወንበር ያለው ሐኪም እየተመላለሰ ይታዘብልኝ ጀመር። አንደኛውን «ዶክተር፣ ግድግዳው እኮ ጀርባዎን ለመደው» ስለው ከልቡ ሳቀ። የበላችው ያገሳታል፣ በላይ በላዩ ያጎርሳታል ማለት ይሄ ነው። እውነተኛው ጭንቅ ውስጥ ያለው ሐኪም ግን ከሥራው መላቀቅ ስለማይችል ተራው አይደርሰውም ነበር።

የክፍላችንንም አመል መናገር አለብኝ። ጠዋት ጠዋት ሁላችንም ተሰብስበን ሌሊት ስለገቡት ልጆች እንነጋገራለን፤ «ሞርኒንግ» እንለዋለን። ተረኛው ሐኪም ከወረዳ ስለተላከ ልጅ መናገር ሲጀምር የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጁ እንዴት ነው?» አይደለም። «ማን ነው የላከው?» ነው። ከዚያ የላኪው ወረቀት ጮክ ተብሎ ይነበባል። የእጅ ጽሑፉ ይሳቅበታል፣ እንግሊዝኛው ይሳቅበታል፣ «ይህንን እዚያው ማከም አቅቶት ነው?» ይባላል። ከኋላ ረድፍ የወረዳ ሐኪሞች፣ የእኔ ታዛቢዎች፣ ተቀምጠው ይሰማሉ። አንዳንዶቹ የራሳቸው ወረቀት ሲነበብ አብረው ይስቃሉ። ከሁሉ የሚያመኝ የእነሱ ሳቅ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ የሕፃናት ስፔሻሊስት ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ሰውነቱ በድርቀት ተጣብቆ ሌላው ሁሉ ደም ሥር ያጣበትን ልጅ እሱ ዐይኑን ጨፍኖ ያገኝለታል። ግን ሕግ ይወዳል። «ይቁሙ፣ ይዩ፣ አይንኩ» ይላል። ታዛቢ ቢሳሳት ማን ይጠየቃል ነው ነገሩ። ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ፕሮጀክት የላከው መመሪያ ላይ እንደዚያ ተጽፏል፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ያቺን ሐኪም መጀመሪያ ያወቅኋት በስልክ ነው። ከፍስሐ ገነት ወዲያ ካለው ትንሽ ሆስፒታል እየደወለች «ሲስተር፣ የእኔ ተራ መቼ ነው?» ትለኛለች። ዕጣ ደርሷት የመጣች የአዲስ አበባ ልጅ ናት። እንደዚህ ያሉት ብዙዎቹ ገና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ መሄጃቸውን የሚቆጥሩ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። እሷ ግን ስትደውል ስለ መሄድ አንድ ቀን አንስታ አታውቅም። ሁለት ጊዜ አስገብቻት ሁለቱንም ጊዜ ስሟ ተሰርዞ በሌላ ሰው ተተካ።

ሲመራት ጊዜ አንድ የገበያ ቀን በቡና ጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍራ ራሷ መጣች። ቀጭን፣ ጫማዋ በቀይ ጭቃ የተለወሰ፣ ፀጉሯን በስካርፍ ጠፍራ ያሰረች። ወንበር ብሰጣት አልተቀመጠችም።

«ሲስተር፣ እኔ ሰርተፍኬት አልፈልግም» አለችኝ። «አንድ ነገር ብቻ አሳዩኝ። ከልጅ ጉሮሮ የቡና ፍሬ እንዴት እንደሚወጣ።»

እኔ ዲላ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ምን እንደምትል ወዲያው ገባኝ። በለቀማ ወቅት እናት ልጇን ይዛ ነው ቡና ውስጥ የምትውለው። የቀላው እሸት ቡና ሥጋው ይጣፍጣል፤ ልጆች ይመጠምጡታል። ሥጋው ሲያልቅ ፍሬው አፍ ውስጥ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ልጁ በዚያ መሀል ከሳቀ ወይም ከወደቀ ፍሬው በምግብ መንገድ መሄዱ ቀርቶ በአየር መንገድ ይሄዳል። እኛም ዘንድ በየለቀማው ይመጣሉ። የሚደርሱት ይመጣሉ ማለቴ ነው።

«አምና አንዷን ላክኋት» አለች። «ወደ ውስጥ ሳየው ፍሬው ይታየኝ ነበር። ሲስተር፣ ይታየኝ ነበር እኮ! ማያ መብራቱ አለኝ፤ ጠማማው መቆንጠጫም አለኝ። መሳቢያ ውስጥ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ክፍሉ በሙሉ በአንድ አሻንጉሊት ላይ ተጋፍተን አንድ ጊዜ ነው የያዝኩት። ገፍቼ ባስገባውስ ብዬ ፈራሁ። በአምቡላንስ ላክኋት። ሳትደርስ ቀረች።»

ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ዐይኔ የሞላው። «የኔ ልጅ፣ በዚህ ለቀማ ትገቢያለሽ» አልኳት። «ፍሬው የሚመጣበት ወቅት ካልሆነ መጥተሽ ምን ታያለሽ?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ንትርክ አሁን ሳስበው ይደክመኛል። የእሷ ሆስፒታል አለቃ «የሚተካት ሳይኖር አትሄድም» አለ። ልክ ነው። እዚያ ያለው ሐኪም እሷና አንድ ወንድ ባልደረባዋ ብቻ ናቸው። ባልደረባዋን በስልክ አገኘሁት። ትሑት ልጅ ነው። «ትሂድ ሲስተር፣ እኔ አለሁ፤ ሁለቱንም ሳምንት ንቅንቅ አልልም» አለኝ። ፕሮጀክቱ ቢሮም ሄጄ ስሟን ሦስተኛ ጊዜ ቢሰርዙት እኔም ሥራውን እንደምለቅ ነገርኳቸው። ለምን እንደፈሩኝ አላውቅም፤ ፈቀዱ።

መጣች። ነጭ ጋውኗን ለብሳ ግድግዳው ሥር ቆመች፤ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ። ሌሎቹ ታዛቢዎች ሻይ ለመጠጣት ብለው ይወጣሉ፣ ስልካቸውን ያያሉ። እሷ ከመቆም በቀር ሌላ ነገር አታውቅም። የመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ ከጪጩ በባጃጅ መጣች፤ ፍሬ ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ ትንፋሿ ያፏጫል። ኃላፊው በማያ መብራቱ ምላሷን ከፍ አድርጎ፣ ጠማማውን መቆንጠጫ አስገብቶ፣ ፍሬዋን ይዞ ወጣ። ምንም አይመስልም፤ ዐይን ጨፍኖ እንደ መግለጥ ነው። ልጅቷ አለቀሰች፤ እናቷ መሬቱን ሳመች።

እሷ ከግድግዳው ተነቀለች። «ዶክተር፣ አንድ ጊዜ እንዲያው መሣሪያውን ብቻ ልያዘው? ልጅ ላይ አይደለም፤ ባዶውን» አለችው።

«ታዛቢ አይደለሽም?» አላት። በክፋት አይደለም የተናገረው፤ የቸኮለ ሰው አነጋገር ነው። «ካየሽው በቂ ነው።»

ያን ቀን ነው ስለ አሻንጉሊቱ ኃላፊውን ልጠይቅ የገባሁት። ለጋሾቹ የላኩት ማስተማሪያ አሻንጉሊት ነበረን፤ የሕፃን መጠን ያለው፣ አፉ የሚከፈት፣ ጉሮሮው እውነተኛ የሚመስል፣ ሲነፉት ደረቱ ከፍ የሚል። ኃላፊው ቢሮ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። አንድም ሰው ተለማምዶበት አያውቅም። የውጭ እንግዳ ሲመጣ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይመለሳል። በየቤታችን ቁም ሳጥን ውስጥ ለእንግዳ የሚቀመጥ ብርጭቆ አለ አይደል? የቤቱ ሰው በጣሳ ይጠጣል፤ ብርጭቆው አቧራ ይጠጣል። አሻንጉሊቱንም የእንግዳ ብርጭቆ አድርገውት ነበር።

«ዶክተር፣ እባክዎ ለአንድ ከሰዓት ያውሱኝ» አልኩት። «ያቺ ልጅ እጇን ታሟሽበት።»

«ጎማው ቢቀደድ ማን ይተካዋል?» አለኝ። «በሚቀጥለው ወር ገምጋሚዎቹ ይመጣሉ። ንጹሕ ሆኖ እንዲጠብቃቸው ነው የምፈልገው።»

«ገምጋሚዎቹ ልጅ ይዘው ነው እንዴ የሚመጡት?»

ሳቀ። ሲስተር ምላስሽ አያረጅም አለኝና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። እኔም ወጣሁ። ለእሷ «አይሆንም አሉ» ስላት ትከሻዋን ነቀነቀች። ከሰዓት ስመለስ ግድግዳው ሥር ቆማ ቀኝ እጇን አየር ላይ ስታንቀሳቅስ አየኋት፤ በሌለ መቆንጠጫ የሌለ ፍሬ እየያዘች። ፊቴን አዙሬ ሄድኩ።

በሁለተኛው ሳምንት አጋማሽ ፕሮጀክቱ ዲላ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። ርእሱን ስናገር የፈጠርኩት የሚመስለው ሰው አለ፤ «አላስፈላጊ ሪፈራልን ስለመቀነስ» ነበር። ዋናው ተናጋሪ የእኛ ኃላፊ ነው። ጠዋት ከረቫቱን አሳምሮ ሄደ። ድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ የቀረው አንድ ልጅ እግር ተረኛ ሐኪም፣ እኔ፣ ሌሎች ነርሶች፣ ግድግዳው ሥር ደግሞ እሷ ነበርን።

ረፋዱ ላይ የወረዳ አምቡላንስ ግቢ ገባ። በሩ ሳይከፈት ሾፌሩ መጮህ ጀመረ። እናትየዋ ልጇን ይዛ እየሮጠች ገባች። ወንድ ልጅ ነው፤ ገና አፉን መፍታት የጀመረ የሚመስል፣ እጅጌው የረዘመበት ሹራብ የለበሰ። ከንፈሩ ጠቁሯል። ፍሬው ጠዋት ነው የገባው፤ መንገዱን ሁሉ እያፏጨ ሲተነፍስ መጥቶ ዲላ ሊገቡ ሲሉ ጪጩ ላይ ፉጨቱ ቆመ።

እናትየዋ አልጋው ላይ አስተኝታው ቀና ስትል ግድግዳው ሥር የቆመችውን አየች። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው። አነጋገሯ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

«ዶክተር! አንተ እዚህ ነህ እንዴ? እኛ እዛ ፈለግን። የለም አሉን። ያ አንዱ ዶክተርም የለም አሉን።»

እኔ ወደ ሾፌሩ ዞርኩ። «ባልደረባዋስ?» አልኩት።

«ስብሰባ ነዋ! ግዴታ ነው ተብሎ ትናንት ማታ ስልክ መጣ። ጠዋት እሱን በዚሁ መኪና ዲላ አድርሼ ስመለስ ነው ይሄን ልጅ ያገኘሁት። እኔን ሲጠብቁ ነው የቆዩት።»

ሐኪሙ ሁሉ ዲላ ነበር። አንዱ አዳራሽ ውስጥ፣ አንዷ ግድግዳ ሥር። አምቡላንሱም ሐኪም ጭኖ ለስብሰባ መጥቶ ነበር።

ተረኛው ልጁን ገልብጦ ጀርባውን መታ፣ ሆዱን ገፋ፤ ምንም የለም። የአየር መንፊያውን አፉ ላይ ደፍቶ ቢነፋ ደረቱ አልነሣ አለ። ማያ መብራቱን አስገብቶ አየና በመቆንጠጫው ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱንም ሳተው። እኔ ለኃላፊው ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ደወልኩ። ዝግ ነው። ከሆቴሉ እኛ ጋ በባጃጅ አንድ ዘፈን ሳያልቅ ይደረሳል።

«ሲስተር» አለችኝ ከግድግዳው። እጇ አሁንም ወደ ኋላ እንደተጣመረ ነበር። 

«ምን ትጠብቂያለሽ? ንኪው!» ብዬ ጮህኩ።

መጣች። ተረኛው ቦታውን ለቀቀላት። ምላሱን ከፍ አደረገች። «ይታየኛል» አለች። የመጀመሪያው ላይ መቆንጠጫው አዳለጣት። በሁለተኛው ያዘችው፤ ፍሬዋ ወጣች። አየር ሲነፋ አሁን ደረቱ ከፍ አለ። ልቡ ግን ያን ጊዜ ቆሞ ነበር። ደረቱን ተጫንን፣ መድኃኒት ሰጠን፣ እየተቀያየርን ተጫንን። እሷ ግን አልቀየርም አለች፤ የምትለቅ አልነበረችም። በመጨረሻ እጇን ይዤ ያስቆምኳት እኔ ነኝ።

አሻንጉሊቱ ላይ አንድ ከሰዓት ተለማምዳ ቢሆን የመጀመሪያው ይሳካላት ነበር? ከተሳካላትስ ልቡ ይቆይ ነበር? አላውቅም። ማንም አያውቅም። እዚያው ሆስፒታሏ ሆና ጠዋት ሲመጣ፣ ልጁ ገና እያፏጨ እየተነፈሰ አግኝታው ቢሆንስ? ይህንንም አላውቅም። አለማወቄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። በለቀማ እንድትመጣ ያደረግሽው አንቺ አይደለሽም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ደረቴን እንድደቃ የሚጠብቅ ካለ ይጠብቅ። እኔ ቦታዋን ያለ ሰው አልተውኩትም። ሰው አስቀምጬ ነበር፤ የወሰዱት እነሱ ናቸው።

አምቡላንስ አስከሬን አይጭንም፤ ደንብ ነው። የልጁ አጎት መንገድ ላይ ወጥቶ አንድ አይሱዙ ለምኖ አመጣ። እሷ ጋውኗን አውልቃ አጠፈችና ለእኔ ሰጠችኝ። ገና ቀኖች ይቀሯት ነበር። «አብሬያቸው እሄዳለሁ» አለች። አልከለከልኳትም። ጋቢና ውስጥ እናትየዋ ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋ ተቀምጣለች። እሷ በሩ ላይ ደርሳ ቆመች፤ ለመግባት ፈራች። እናትየዋ አየቻትና ጠጋ አለችላት። እኔ የግቢው በር ላይ ቆሜ የፈለጋችሁትን በሉኝ ብዬ እዬዬ አልኩ።

በማግስቱ ሞርኒንግ ላይ ከኋላ ረድፍ የእሷ ወንበር ባዶ ነበር። ተረኛው ስለ ልጁ መናገር ጀመረ። «ማን ነው የላከው?» አለ አንዱ፣ ከልማድ። ማንም ሐኪም አልላከውም፤ ወረቀቱን የጻፈችው እዚያ የቀረች ነርስ ናት። የሚስቅ አልተገኘም። ኃላፊው «ታዛቢዋ ለምን ነካች?» አለ።

ተነሣሁ። «እኔ ነኝ ንኪ ያልኳት።»

«በምን ሥልጣን ሲስተር?»

«ሥልጣን ያለው ሰው አዳራሽ ውስጥ ስልኩን ዘግቶ ስለ ሪፈራል መቀነስ ያስተምር ነበራ! የሚላክ ልጅ እንዲቀንስ ላኪውን ሐኪም ጠርታችሁ ወሰዳችሁት። ይኸው ቀነሰ፤ ደስ ይበላችሁ።»

«ስሜታዊ አትሁኚ።»

«እሆናለሁ እንጂ! ስለ ሬሳ ነው የምናወራው። ማን ነካ ትላላችሁ አሁን? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ይጻፍ። ከሰዓት በኋላ ግን ኃላፊው እኔ የምቀመጥበት ጥግ መጣና ከረቫቱን እያላላ ቆመ። «ስሙን ማን ይሉት ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። ሰምቶ ሄደ። ክፉ ሰው ቢሆን ጠልቼው ባረፍኩ። ክፉ አለመሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ መመሪያው ተቀየረ። የቀየረው ራሱ ኃላፊው ነው፤ ከፕሮጀክቱ ጋር ተሟግቶ። ታዛቢ መሣሪያ ይይዛል፣ ይለማመዳል፣ ስፔሻሊስቱ አጠገቡ ቆሞ ታካሚ ላይም ይሠራል ተባለ። ገምጋሚዎቹ መልካም ተሞክሮ ብለው ጻፉለት፤ ስለ ልጁ ሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር የለም። ያም ሆኖ ደስ አለኝ። የመጀመሪያውን ስልክ የደወልኩት ለእሷ ነው። ለቀማው ሊጀምር ነበር።

«ዶክተርዬ፣ ተፈቀደ እኮ!» አልኳት። «ከእንግዲህ ግድግዳ የለም። የመጀመሪያው ዙር ያንቺ ነው፤ እኔ ራሴ አስገብቼሻለሁ።»

 ከኋላዋ ልጅ ሲያለቅስና ሰው በጌዴኦኛ ሲጣራ ይሰማኛል።

«እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር» አለች። «ሌላ ሰው ያስገቡበት።»

«እንዴ! አንቺ አይደለሽ እንዴ ስትለምኚኝ የነበርሽው?»

«ነበርኩ። አሁን ከዚህ አልወጣም። ስፔሻሊቲ እንኳ ደርሶኝ ነበር፤ ሕፃናት ሕክምና፣ የምፈልገው። ተውኩት።»

ያን ስትለኝ ተቀመጥኩ። ስንት ሐኪም የሚማልለትን፣ የሚሳልለትን ዕድል ነው በዚያ ድምፅ፣ ሽንኩርት አልገዛሁም እንደሚል ሰው፣ ተውኩት የምትለኝ። ተቆጣኋት። ዕድሜሽን እዚያ ልትፈጂ ነው ወይ አልኳት። እናትሽ አዲስ አበባ ይጠብቁሻል አልኳት። ተምረሽ ብትመለሺ ስንቱን ታድኛለሽ አልኳት። 

«አዳሜን ፍሬ እስኪያንቀው ድረስ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ልትጠብቂ ነው?» አልኩ በመጨረሻ። «ደግሞ ባልደረባሽ አለ። ሁለቱን ሳምንት የሚተካሽ ሰው አለ!»

«ያኔም ነበረ፣ ሲስተር» አለችኝ።